ከ2፡14 እስከ 2፡51

ማክሰኞ ማታ ነው፤ መብራት ተመለሰ፣
ስልኬ እንደ ጥንዚዛ ጠረጴዛው ላይ ተርመሰመሰ።
«ቪዲዮዎ ወርዷል» ይላል፤ «ባለመብት ከሷል፣
ድምፁ የኔ ነው ብሏል፣
ከሁለት ደቂቃ ከዐሥራ አራት ሰከንድ
እስከ ሁለት ከሃምሳ አንድ።»

ሠላሳ ሰባት ሰከንድ።

ከኮምፒውተሬ ጓዳ ፈልጌ አየሁት ዋናውን፦
አባ ጨብሳ ናቸው፣ አጎንብሰው ሲልጉ ዋንዛውን፤
ከአንድ ግንድ የበርጩማ ሦስት እግር ሲያወጡ
በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ፣ ከንፈር ሳይገልጡ።
ስንኝ የለው፣ ስም የለው፣
መላጊያው ሲሄድ የሚሄድ፣ መላጊያው ሲቆም የሚቆም ነው።

እውነት ለመናገር እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤
ሰርግ ላይ የሰው ዘፈን ስለጥፍ ማንንም አልጠየቅሁም።
አምና የቦሳውን ሰርግ አወረዱት፤ ዋጥ አደረግሁ።
ዘንድሮ የአጋሮውን፤ አሁንም ዋጥ አደረግሁ፣
የወሰድኩትን አውቃለሁ።
ይኼ ግን ሦስተኛው ነው፤ ከዚህ ወዲያ ቤቱ ይዘጋል፣
የሰባት ዓመት ሥራዬ በአንድ ሌሊት ይጠረጋል።
ደግሞም ይቺን አልሰረቅሁም።
መሰለኝ።

«መልስ ይስጡ» የሚለውን ተጫንኩት። ቅጹ እንግሊዝኛ ነው።
የእህቴ ልጅ ረውዳ ጣቷን እያስኬደች፣ «አጎቴ፣ የሚለው፦
‹በስሕተት እንደወረደ በቅን ልቡና አምናለሁ፣
ውሸት ሆኖ ከተገኘ በሕግ እጠየቃለሁ።›
ታምናለህ?» አለችኝ።
ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እንደ ዳኛ አየችኝ።

ሲነጋ በባጃጅ ሄርማታ ወረድኩኝ፤
«አባ፣ ያቺን ዜማ ከየት ነው ያመጧት?» አልኩኝ።
«የቷን?»
እኔው አንጎራጎርኩላቸው፤ እሳቸው አላወቋትም።
«እኔ ነኝ እንዲህ የምለው? ወላሂ፣ ሰምቼ አላውቅም።»
ቆይተው ግን፣ ከጢማቸው ፍቅፋቂውን እያራገፉ፣
«ሥራ ካስተማሩኝ ከአባ ሎጋ ይሆናል፤ እሳቸውም አለፉ።
ወይ ከፀጉር ቆራጩ ሬድዮ፤ እንጃ።
ልጅ ሆኜ አንድ ሰው ሻንጣ የሚያህል መቅጃ ይዞ መጥቶ
አባ ሎጋን ሲልጉ ቀዳቸው፣ ሁለት ብር ሰጥቶ ሄደ።
እኔን ትጠይቃለህ? አዌቱን ጠይቀው፣
ጭቃውን ከማን ደጅ እንደወሰደ።»

ረውዳ መላ አላት፤ «ያቺን ቦታ ብቻ ድምፅ አልባ አድርጌ
እንደገና ልስቀለው?» ስልኳን አሳየቻቸው።
መላጊያው ያለ ኮሽታ ይመላለሳል፣
ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይፈስሳል፣
ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ ይላል።
በክንዳቸው ገፋ አደረጉት፤
«ይኼን ሰውዬ ቅበሩት።»

ስለዚህ ፈረምኩ።
ሙሉ ስም፦ ነዚፍ ከማል አባ ጉሊት።
አድራሻ፦ ጅማ፣ መንደራ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣
ክረምት ከሆነ በጣውላው ድልድይ ዞሮ የሚገባ።
ቅጹ ቀላ። የመንገድ ስም፣ የፖስታ ቁጥር አምጣ አለ፤
ረውዳ አምስት ዜሮ ደረደረች፣ ያኔ ተቀበለ።
ከመሐላዬ ሥር አንዲት ሐሰት እንዲህ ገባች፤
እውነቷ ከደጅ ቀረች።

ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት የሥራ ቀን ጠብቅ ተብያለሁ።
ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም፤ እኔ ግን እቆጥራለሁ።
ስሜና ዜሮዎቼ ለከሳሼም ይደርሱታል፤
ይምጣ፣ ሄርማታ ቁጭ ብሎ ይስማ፣ ያኔ ይገባዋል
ልል ነበር።
ከዚያ ጠዋት ወዲህ ግን አባ ጨብሳ ሥራ ጀምረው
ሁለት ሦስት ጊዜ ልገው
መላጊያውን አንሥተው ቀና ይላሉ፣
«ይቺ ናት እንዴ?» ይላሉ።
እኔ ምን ብዬ ልመልስ።
ዝም ብለው ይልጋሉ።